ወደ ኋላ አራት፣ ወደ ፊት አንድ

ጎንደር ውስጥ የስፖርት መኪና መግዛት ያለበት ማን ነው ብትሉኝ፣ ማንም አይደለም እላችኋለሁ። የከተማው መንገድ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ሜዳ የሚባለው ኳስ ሜዳው ብቻ ነው፤ እሱም ወደ አንደኛው ጎል ያዘነብላል። ኮብልስቶኑ ባጃጅን እንኳ ያንገጫግጫል። እኔ ግን ገዛሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል በር ላይ ለጌጥ ቆማ የኖረች፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ቁመቷ ከወገቤ ብዙም የማያልፍ አሮጌ መኪና። ቀይ ነበረች ይባላል፤ እኔ ስደርስባት ፀሐይ የጠገበ ጡብ መስላለች። ባለቤቱ ሆቴሉን ሊያድስ ሲነሳ «የሚያነሳልኝ ባገኝ» አለ፤ አነሳኋት። ያነሳኋት በገመድ ጎትቼ ነው፤ ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል።

ሰዎች ግን ሞተሯ ሞቷል ሳይሆን ሞተር የላትም ነበር የሚሉኝ። የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ የፊት ኮፈኗ ሲከፈት ባዶ ሣጥን ነው። ሠፈራችን ውስጥ ኮፈኗን ከፍቶ ያላዘነልኝ ሰው የለም። «መምህር፣ ሙልጭ አድርገው ነው የሰረቁህ» ይሉና ቀስ አድርገው ይዘጉታል። ስለ ኋላው ማስረዳት ሲሰለቸኝ «እግዜር ይይላቸው» ማለት ጀመርኩ። መምህር የሚሉኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ስለማስተምር ነው። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ኋላ ላይ ስለሚያሳፍረኝ፣ አሁን ልገላገለው ብዬ ነው።

መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ኮክ ዛፍ ሥር ሦስት ዓመት ቆመች። እናቴ ጣሪያዋ ላይ በርበሬ ታሰጣለች። ዶሮዎቹ የፊት ኮፈኑን ሣጥን ወደዱት፤ እዚያ እንቁላል መጣል ጀመሩ። አባየ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ በየጠዋቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በአጠገቧ ያልፋሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አላዩዋትም። አባየ የማይወዱትን ነገር አይነቅፉም፤ አያዩትም። እኔንም መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አላዩኝም።

ከቤተሰቡ ያልሳቀባት እህቴ ስመኝ ብቻ ናት። ስመኝ ነርስነት ትማር ነበር። ቤታችን ደግሞ የቆሎ ተማሪ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት የማይጠፋበት ቤት ነው፤ አንዱ ዜማ ሲያጠና ሌላው ጉዳዩን ያወራል። ጸጥታ ያለው መኪናዋ ውስጥ ብቻ ነበር። ስመኝ መስኮቱን ዘግታ፣ ደብተሯን መሪው ላይ ዘርግታ ታጠናለች። ሦስቱንም ዓመት እንደዚያ ተማረች። ማራኪ ሠፈር መድኃኒት ቤት የከፈተው መላኩ ሽማግሌ ልኮ ሠርጉ በተቆረጠ ሰሞን አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ወንድምዓለም፣ ከዚህ ቤት የምወጣው በእሷ ነው» አለችኝ።

ሞተሯ እንደሞተ ታውቃለች። እንዲህ ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንደምል ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ቃሌን ሰጠኋት። ለእህቱ ሠርግ የሰጠውን ቃል ያጠፈ ወንድም በመልሱ ላይ ይነሳበታል፣ በልጇ ክርስትና ላይ ይነሳበታል፣ ሲሞት በተዝካሩ ላይም ሳይነሳበት አይቀርም። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን፣ ከዚያ ግቢ እኔን የምታምነኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ጋራዥ ያላቸው አያ ታከለ የድሮውን ሞተር አንድ ጊዜ ተመለከቱና አፈር ይቅለለው አሉት። ከዚያ ከአንድ የተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ሞተር አገኙልኝ፤ ጉልበቱ ከድሮው እጥፍ ይበልጣል። ችግሩ ካምቢዮው ነው። ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ፣ እንደየማርሹ እየመጠነ ለጎማዎቹ የሚያደርስ ሣጥን ነው። ሞተሯ ከኋላ ለሆነ መኪና የሚሆን ሌላ ካምቢዮ እንኳን ጎንደር ሌላም ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ አሮጌው ካምቢዮ ከጎረምሳው ሞተር ጋር መጋባት ነበረበት።

«ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከተማው ሁለት ተከፈለ ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ ቢያንስ ፒያሳ ያሉ የባጃጅ ሾፌሮች ሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ ጥርሱ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲደርስ ይረግፋል ይላል። ገሚሱ የድሮ ብረት እንደ ዛሬ ብረት አይደለም ይላል። የትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ መምህር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በጠመኔ ሥሎ አስረዳን፤ የሣለው ግን ካምቢዮውን ሳይሆን ፍሪሲዮኑን ነበር። አባየ እንኳ አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ያ አሮጌ ይችለዋል?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ጥያቄ ሁለት ወር ኖርን።

ሁለት ወሩ የሄደው ሁሉም በሥራ አይደለም። አያ ታከለ በዓል ያከብራሉ። በአሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፤ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው። ሥራ የሚፈቀድባቸው ቀናት ሲመጡ ደግሞ ለቅሶ አይጠፋም። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ለምን ያከብራሉ ልላቸው አልችልም። ዝም ብዬ ቀን እቆጥራለሁ።

ሞተሩና ካምቢዮው ብሎኖቻቸው አይገናኙም ነበር። በመካከላቸው የሚገባ፣ በአንድ በኩል ሞተሩን በሌላ በኩል ካምቢዮውን የሚይዝ ወፍራም የብረት ሳህን ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት መሠራት ነበረበት። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ይርጋ መጥቶ የሞተሩን በኩል ራሱ ለካ። የካምቢዮውን በኩል ግን፣ ካምቢዮው ገና አልታጠበም ነበርና፣ አያ ታከለ ቀዳዳዎቹን ካርቶን ላይ ወግተው ሊልኩለት ተስማሙ። የመጀመሪያው ካርቶን ዘይት ጠጥቶ አበጠ። ሁለተኛውን ፍየል በላችው። ሦስተኛውን በፍየል ቆዳ ላይ ማድረጋችን ግን ቂም ለመወጣት ብለን አይደለም። ቤታችን የማይታጣ ነገር ቢኖር ቁርጥራጭ ብራና ነው፤ ብራና እንደ ካርቶን አያብጥም ብዬ አንዱን ከአባየ ሣጥን ይዤ ሄድኩ። አያ ታከለ በጣም ወደዱት። ካምቢዮው ላይ ለጥፈው ቀዳዳዎቹን በወስፌ ወጉና፣ እንዳያሳስት ብለው በዘይት ጣታቸው «በዚህ በኩል» ብለው ጻፉበት።

ይርጋ ቶርኖ ከመልመዱ በፊት አባየ ዘንድ የተማረ ሰው ነው። ልጅነቱን ብራና ሲፍቅና መጽሐፍ ሲገለብጥ ነው ያሳለፈው። የመምህሩን ብራና በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ዘይቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ቁጭ ብሎ ፍቆ ፍቆ እንደ ወተት አነጣው፤ «በዚህ በኩል» የሚለውም አብሮ ተፋቀ። ከዚያ፣ በተማረው ወግ፣ ያማረውን ነጩን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ብረቱ ላይ አነጠፈው። አያ ታከለ የወጉትና የጻፉት ደግሞ በሌላው ፊት፣ በጠጉሩ በኩል ነበር። እንግዲህ የሳህኑ የሞተር ወገን ልክ ሆነ፤ የካምቢዮው ወገን ግን ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ወጣ። ሥራው ግን እንዴት ያምራል መሰላችሁ።

ይህ የታወቀው ከጥምቀት በኋላ፣ ሠርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ነው። ሌላ ሳህን ለመሥራት ጊዜ የለም። አያ ታከለ ካምቢዮውን ከወዲያም ከወዲህም እያዩ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ገለበጡት። ሆዱን ወደ ሰማይ ሲያደርጉት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ልክክ አሉ።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ። ተገልብጦ ቢታሰር ምን ይላል?» አሉኝ።

አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አገጬን ይዤ አሰብኩ። ከዚያ ጥርሱ ያው ጥርስ ነው፣ ጉልበቱም ያው ጉልበት ነው፣ ብረት ላይና ታች አያውቅም ብዬ ፈረድኩ። አያ ታከለ ይህን ከሳይንስ ሰው በመስማታቸው ደስ አላቸው። ዘይቱ እንዳይፈስ ወደ ታች የዞረውን የላዩን ቀዳዳ ደፈኑና አሰሩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ በሰው ሞላ። ይችላል የሚሉትና አይችልም የሚሉት በሁለት ወገን ቆመዋል። ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

ማርሽ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ሁለተኛ አስገባሁ፤ ወደ ኋላ ፈጥና ሄደች። ሦስተኛውን መሞከር አያስፈልግም ነበር። ሞከርኩት፤ የቆርቆሮውን አጥር ይዘን ወጣን። የጎረቤት ግቢ ውስጥ ቆሜ የኋላ ማርሽ ባስገባ፣ መኪናዋ ወደ ፊት እንደ ዔሊ ተሳበች። አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደ ፊት። ካምቢዮው ሲገለበጥ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርስም ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሯል፤ እኔ ብረት ላይና ታች አያውቅም ያልኩት ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

አያ ታከለ ሥሯ ገብተው ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። «ችሎታል። አንድ ጥርስ አልተነካም። ሸጋ ካምቢዮ ነው» አሉ። ይችላል ይሉ የነበሩት አጨበጨቡ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ የምጽፈው አንድ ነገር አለ፤ ኃይል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው ይላል። አቅጣጫውን ያልጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ እያለቀሰ የመጣ ወላጅም አላራራኝም። ሁለት ወር ሙሉ ከተማው ሁሉ መጠኑን ሲጠይቅ አቅጣጫውን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔን ጨምሮ ነው የምላችሁ።

ሳይመሽ ቤት ሄጄ ለስመኝ ነገርኳት። ሴቶቹ ፀጉሯን እየሠሩላት ነበር። ሁሉንም ሰምታ፣ ጨርሶ ወደ ፊት አትሄድም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትሄዳለች፣ በአንድ ማርሽ፣ ሰው ከሚራመደው ብዙም ሳትፈጥን አልኳት። «የሚያስቸኩለኝ የለም» አለችና ራሷን ለሴቶቹ መለሰችላቸው።

እሑድ ጠዋት መኪናዋን በአበባና በሪባን አስጊጬ ከጋራዡ ተነሳሁ። ሞተሩ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን ትንፏቀቃለች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት አሮጊቶች ደረሱብኝ። ከአንደኛዋ ጋር ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የልጆቿን ጤና ጠየቅኳት፣ ስለ እግሯ ሕመም በዝርዝር ነገረችኝ፣ ከዚያ ቀድመውኝ ሄዱ። የኋላ ማርሽ ጥርስ ቀጭን ነገር ነው። ከጋራዥ ለመውጣት፣ ለአፍታ እንጂ ከተማ ለማቋረጥ አልተሠራም። ዳገቱን ጨርሼ፣ ወደ ግቢያችን የምታስገባውን ቀጭን ቁልቁለት ወርጄ፣ ዳሱ ፊት ለፊት ስደርስ ጠጠር እንደማኘክ ያለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ወደ ፊት የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ሁኔታውን እዩልኝ። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ዳሱ ነው፣ ጀርባዋ ወደ በሩ። ግቢው አያዞርም። ወደ አስፋልት የሚያወጣው መንገድ አቀበት ስለሆነ አይገፋም። የመላኩ ዘመዶች ከኮላ ድባ በአውቶብስ መጥተው በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ ጨፍረዋል፤ ሙሽራዋን ይዘው ለመሄድ ቆመዋል። ስመኝ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ወጥታለች። የቀሩት አራቱ የኋላ ማርሾች ናቸው።

ወደ መላኩ ጆሮ ጠጋ ብዬ ነገርኩት። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ እንዳላትና እሱ ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ እንደሚሄድ ከዚህ ቀደም ነግሬው ታግሦኛል፤ የዚህን ያህል ግን አልጠበቀም። አንደኛ ሚዜው ሙሽራዋ ወደ ሚኒባሱ ትግባ አለ። እውነቱን ነበር፤ እኔም ልስማማ ነበር። ስመኝ ማንንም ሳትጠይቅ ቬሏን ሰብስባ፣ የመኪናዋን በር ከፍታ፣ ሦስት ዓመት የተማረችበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ቦታው የሾፌሩ ነው። ተሳስታ ነበር፤ ሣቀችና ወደ ጎን ተሳበችልኝ።

ነገሩን ያነሱት የመላኩ አጎት አያ ደምሌ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ሁሉም የሚሰማቸው ሽማግሌ። ወደ አባየ ዞረው፣ «መሪጌታ፣ ይኸ ምንድን ነው? ሙሽራ ወደ ኋላ ስትሄድ አይተን አናውቅም። ነገሩ ሸጋ አይደለም» አሉ።

እኔ ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ጨብጫለሁ። እህቴ ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን ታያለች። በዚያች ሰዓት አባየ «ውረጂ» ቢሏት ትወርዳለች፤ ያ ቀን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የሚያሳፍር ቀን ይሆናል፣ ያሳፈርኳትም እኔ ነኝ። አባየ ከተቀመጡበት ተነሱ። መኪናዋን አዩዋት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከፊት እስከ ኋላ አዩዋት።

«አያ ደምሌ፣ ከመቅደስ ስንወጣ እንዴት ነው የምንወጣው?» አሉ። «ፊታችንን ወደ ታቦቱ አድርገን፣ ወደ ኋላ እየተራመድን ነው። ለከበረ ነገር ጀርባ አንሰጥም። ልጄም ለእናቷና ለወለድኳት ለእኔ ጀርባዋን ሳትሰጥ ትወጣለች።»

አያ ደምሌ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ የመሪጌታ ቤት ሥርዓት አለው አሉ። ሥርዓት አለው የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ ዳሱን ዞረ፤ ከኋላ የነበሩት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አባየ ይህን ያሉት አምነውበት ይሁን እኔን ከውርደት ለማውጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያቸውም አልመለሱልኝም።

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ሚኒባሱ ከፊታችን፣ ማለቴ ከኋላችን፣ አቀበቱን ቀድሞ ወጣ። እኔ አንገቴን ጠምዝዤ በኋላ መስኮት መንገዱን እያየሁ እነዳለሁ፤ አጥር ላይ እንዳልወጣ፣ ቦይ ውስጥ እንዳልገባ። ስለዚህ በዚያ ሠርግ ላይ ለእናት ለአባቱ ጀርባውን የሰጠ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ከበስተፊት ምን እንዳለ አላይም። የሚሰማኝ የስመኝ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ወንድምዓለም፣ ቀስ በል» አለችኝ።

ከዚህ ቀስ የሚል ማርሽ የለንም አልኳት።

«እንግዲያስ አቁም» አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኖብኝ የእግሩንም የእጁንም ፍሬን ያዝኩና ዞሬ አየሁ።

እናቴ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት እየጠረገ፣ በመንገዱ መካከል ወደ እኛ ትመጣለች። ከእሷ ጀርባ አባየ፣ ማንንም ከደጃፋቸው አልፈው ሸኝተው የማያውቁት አባየ፣ መቋሚያቸውን እየተደገፉ አቀበቱን ይወጣሉ። ከግቢው ጀምረው ተከትለውን ነው። መኪናዋ እያየቻቸው ስለምትሄድ፣ ስመኝም ዓይኗን ስላልነቀለች፣ መመለሻቸው ጠፍቷቸው ነው። እናቴ ደርሳ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። አባየ ቀጥለው ደረሱና አጠገቧ ቆሙ፤ ትንፋሻቸው አጥሯል። ሦስቱ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ፤ ስመኝ እያለቀሰች ትስቃለች።

ከላይ ሚኒባሱ ክላክስ አደረገ፤ ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ፍሬኑን አልለቀቅኩም። ወደ ፊት የምትሄድ መኪና ብትሆን ኖሮ፣ ይኸኔ ማራኪ ደርሰን ነበር።